«ግቢያችን» የሚባለው ፎልደር

ወገዳ፣ ግንቦት

ለቀድሞው ጎረቤቴ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። እትዬ ማሚቴም ደህና ናቸው፤ ልጽፍልህ መሆኑን ሲሰሙ «ቤቴን ረሳው ወይ በይው» ብለዋል። አንተ የነበርህበትን ክፍል እስካሁን አላከራዩትም። ሰው ሲጠይቃቸው ጣሪያው ያፈሳል ይላሉ። እንደማያፈስ አንተም እኔም እናውቃለን።

ስልክ እያለ በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ኔትወርኩ መጣ ሄደ እያለ ነው። ቢመጣም ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ብቻ አውርቼ እንደምዘጋው አውቀዋለሁ። ከእኛ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የምታድለው ብርቄ ዘመድ ልትጠይቅ አንተ ወዳለህበት ወደ መካነ ኢየሱስ ስለምትወጣ በእጇ ልኬልሃለሁ።

ጉዳዩ የላፕቶፔ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር የጫንህልኝ የሪፈረንስ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ትዝ ይልሃል? ብሮውዘሩ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ስጫን ያነበብሁትን ጽሑፍ ከነደራሲው፣ ከነዓመቱ ጎትታ እንድታስቀምጥልኝ አድርገህ ነበር። አንተ ወደ እስቴ ከተዛወርህ በኋላ ጠባይዋ ተለወጠ። አንዳንድ ቀን ያስቀመጥሁትን ሁሉ ሶፍትዌሩ ውስጥ ካለው የግል ማኅደሬ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ተቀምጧል» ብላ ትነግረኛለች፤ ገብቼ ሳይ የለም።

እዚህ ኢንተርኔት ማለት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ከሥራ ተራዬ የማርፍበትም ቀን አንድ ላይ እስኪገጥሙ ስንት ነገር ያልፋል። እንዲያ ጠብቄ ያገኘሁት ጽሑፍ ሲጠፋ፣ ከገበያ ተሸክመው ያመጡት ዕቃ ደጃፍ ላይ ሲሰበር ማለት ነው።

ጥናቴ ከቆላው ወጥተው ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ስለሚወልዱ እናቶች ነው። ለምን እንደመረጥሁት ታውቃለህ። ያቺን በቃሬዛ የመጣች ሴት ያጣናት ቀን ግቢው በር ላይ ቁጭ ስል፣ መጥተህ አንድም ቃል ሳትናገር አብረኸኝ የተቀመጥህ አንተ ነህ። ሌላው ሁሉ የእግዜር ፈቃድ ነው እያለ አልፎ ሄደ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብቦ ደወለና በጽሑፉ መሐል በእጄ ከጠቀስኋቸው ግማሾቹ በስተኋላ ካለው ዝርዝር የሉም አለኝ። «እነዚህን ሥራዎች በእርግጥ አንብበሻቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አንብቤያለሁ አልሁት። «እንግዲያው የት አሉ?» አለኝ። ቀድታ ነው ብሎ እንደጠረጠረኝ ከድምፁ አወቅሁ። በሰኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ለመከላከል እንድቀርብ ከፈለግሁ ምንጮቹን አሟልቼ እንዳመጣ፣ አለዚያ ለከርሞ እንደሚቆይ ነግሮኝ ስልኩን ዘጋው።

ያልሞከርሁት የለም። ብሮውዘሩን ቀየርሁ። ሶፍትዌሩን ነቅዬ እንደገና ጫንሁት። ምልክቷንም አጥፍቼ እንደ አዲስ አስገባኋት። አንድ ሰሞን እሺ ብላ ሠራችና ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ መልሳ አመፀች። ንፋስ መውጫ ድረስ ወስጄ ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው ከላይ ከላይ አየና «ይህ አርጅቷል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። እትዬ ማሚቴ ሳጉረመርም ሰምተው ጸበል ርጪበት ብለውኛል። ልረጨው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ሞኝ አትበለኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርህ። እዚያው ሶፍትዌር ውስጥ አብረን የምንጠቀምበት፣ አንተ «ግቢያችን» ብለህ የሰየምኸው ፎልደር አሁንም አለ። ለተማሪዎችህ የሰበሰብኸው ስለ አፈርና ስለ ጽድ የሚያወራው ሁሉ እዚያው ነው። አንዳንዴ፣ ቤቱ ዝም ሲልብኝ፣ ከፍቼ አየዋለሁ። ከአዲስ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ስከፍተው ስለ እናቶች የሚያወሩ ጽሑፎች ገብተውበት አገኘሁ። ሌላም ቀን ስከፍት ጨምረዋል። እንደ ድሮው እየፈለግህ የምታስቀምጥልኝ መሰለኝ። አንዳንዶቹ እኔም ያነበብኋቸው ነበሩ፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ አንድ ቦታ መገናኘቱ አይቀርም አልሁ። ከፍቼ አላነበብኋቸውም፣ ወደ ማኅደሬም አልወሰድኋቸውም። ከነካኋቸው የሚቀር ነገር መሰለኝ። አርእስታቸውን አይቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ያን ሰሞን ሽንኩርት ስከትፍ ማንጎራጎር ጀምሬ ኖሮ እትዬ ማሚቴ «ምን ተገኘ?» አሉኝ። ምንም አልሁ።

ባለፈው ሳምንት ይርዳው ዘንድ ሄድሁ። ይርዳው አንተ ከሄድህ በኋላ ወረዳው የቀጠረው የአይሲቲ ባለሙያ ነው፤ እዚሁ የስማዳ ልጅ ነው፣ ሰው አያጣድፍም። ምልክቷን እየተጫነ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ዛሬ ሶፍትዌሩ ውስጥ መጨረሻ የከፈትሽው ምንድን ነው?» አለኝ። ምን አገናኘው አልሁት። «ያገናኘዋል እንጂ። ይህ ነገር ምንም አልሆነም። የሚያስቀምጥልሽ መጨረሻ ላይ ከፍተሽ የተውሽው ፎልደር ውስጥ ነው። የራስሽን ከፍተሽ ከሆነ የራስሽ ውስጥ፣ ሌላውን ስታዪ ከነበር ሌላው ውስጥ። ጠፉ የምትያቸው እነዚህ አይደሉም?» አለና «ግቢያችን»ን ከፈተው። ማን እንዳስገባቸው የሚያሳይ ዓምድም አለው ለካ። ከእናቶቹ ጽሑፎች ፊት ለፊት፣ ከላይ እስከ ታች፣ የእኔ ስም ነው።

ይርዳው «ተገኙልሽ እኮ፣ ምነው?» አለኝ። አመሰገንሁት። ትልክልኝ የነበረ የመሰለኝን ሁሉ ለካ ራሴ ለራሴ ስልክ ከርሜያለሁ። ላፕቶፑን ዘግቼ ልነሣ ስል፣ «ቆይ፣ ሙሉ መሆናቸውን እንይ» ብሎ ዝርዝሩን ወደ ታች ማውረድ ጀመረ።

ያኔ ነው ያየሁት። ይህ ሶፍትዌር የእኛን ሰው ስም አያውቅም። የአባትን ስም ፊት ያመጣና የባለቤቱን ስም አንድ ፊደል አድርጎ ያስቀረዋል። ፀደይ ቢሻው የጻፈችውን «ቢሻው፣ ፀ.» ያደርገዋል። ማኅደሬ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ አንድ በአንድ ለማረም ትዕግሥቱ ኖሮኝ አያውቅም። «ግቢያችን» ውስጥ ያሉት ግን ፀደይም ፀደይ ቢሻው ሆና፣ ሌሎቹም ሁሉ በየራሳቸው ስም፣ ከነአባታቸው ተጽፈው አየኋቸው። ሰው የደከመበትን ሥራ በአባቱ ስም ማስጠራት ባለቤቱን ከቤቱ ማስወጣት ነው የሚል ሰው ከአንድ በቀር አላውቅም።

ይርዳውን ይህን ማሽኑ ራሱ ያስተካክለዋል ወይ አልሁት። «ማሽን ምኑን ያውቃል። ሰው ቁጭ ብሎ ካልጻፈው» አለኝ። ማን ጻፈው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል።

ቀጥሎ «ወደ ማኅደርሽ ቆርጬ ልውሰዳቸው ወይስ ልገልብጣቸው?» አለኝ። ልዩነቱን ጠየቅሁት። ከተቆረጡ እዚያ አይቀሩም፣ ከተገለበጡ ግን በሁለቱም ቦታ ይኖራሉ አለኝ። ገልብጣቸው አልሁት።

አማካሪዬ የተሟላውን ዝርዝር አይቶ ይቅርታ ባይልም ድምፁ ለዝቧል። ስሞቹን እንዲህ አጥርተው የሚጽፉ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናው የእኔ እንዳልሆነ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። በሰኔ አጋማሽ ደብረ ታቦር እቀርባለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ብርቄ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች፣ ግን ተራዋ አይፈቅድላትም። አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው፤ ለማዳመጥ የሚመጣ ሰው ስሙን እንኳ አይጠየቅም አሉ።

አሁን ምልክቷ ምን የት እንደምታስቀምጥ ገብቶኛል። ከእንግዲህ የጠፋብኝ ነገር የለም፣ አትቸገር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጥቶ ስለ እስቴ እናቶች የተጠና አንድ አዲስ ጽሑፍ አገኘሁ። አስቀድሜ «ግቢያችን»ን ከፈትሁ፣ ከዚያ ምልክቷን ተጫንሁ። ገባ። የጸሐፊዋ ስም እንደ ልማዱ ተገልብጧል። አልነካሁትም።

እናትህን እግሬን ሳይሆን ልቤን ልኬ ጠይቄአቸዋለሁ በልልኝ፤ እግዚአብሔር ጉልበታቸውን ያጽናላቸው። አንተንም ከምትወጣበት ከምትገባበት ክፉ ይጠብቅህ፣ ተማሪዎችህን ለፍሬ ያብቃልህ። መጪውን ክረምት በሰላም ያሻግረን።

እዚያው በር ላይ ያለችው
ጎረቤትህ