ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ የቀዱት ሻይ

ውድ እመቤቴ መህላቃ ኻኖም፣

ነገሩ የተበላሸው ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ ሻይ መቅዳት የጀመሩ ጊዜ ነው።

ቴህራን፣ ዩሱፍ አባድ ሰፈር፣ ቤትዎ ነበርን፤ እርስዎ፣ ፕሮዲውሰሩ አቃ ኬይቫንና እኔ። ውጭው በረዶ ነው። የጽጌረዳው ፊልም ኤዲቲንግ አልቋል፤ የቀረው መግቢያው ላይ የሚጻፈው ስም ብቻ ነበር። በራዱን በእጅዎ እንደያዙ፣ "ፓርቶ ጃን፣ ፊልሙን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ ዳይሬክተር ብለን ያንቺን ስም እንጻፈው?" አሉኝ።

እኔም በሥርዓት ያደገች ልጅ የምትለውን አልኩ። "ኧረ ምን በወጣኝ! እርስዎ እያሉ የእኔ ስም ምን ሊሆን? በጥላዎ ሥር መቀመጥ ይበቃኛል።"

ብዬም ጠበቅሁ። "ተይ እንጂ፣ እኔ ልሙት" እንዲሉኝ፣ እኔ አንዴ ደግሜ እምቢ እንድል፣ እርስዎም በሦስተኛው እንዲቆጡኝ፣ ከዚያ አንገቴን ደፍቼ "እሺ፣ ካሉ" እንድል። ከአራስ ልጅ በቀር ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። የታክሲ ሹፌር እንኳ ሒሳብ ስንሰጠው "ተዪው፣ ካንቺማ አልቀበልም" ይላል፤ "ራሱ ተዪው ብሎኛል" ብሎ የሚወርድ ሰው ግን ሌባ ነው።

አቃ ኬይቫን እግሩን አነባብሮ፣ "ራሷ አለችው እኮ! እንደ ልቧ ይሁን" አለ።

እርስዎ ሻዩን ቀዱ። ብርጭቆውን ሲያቀብሉኝ ዓይንዎ ከጣፋጩ ሳህን አልተነሣም።

ምናልባት አልገባዎት ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ረዳትዎ በሆንኩ ሰሞን፣ እንግዳ ሆና የምትጫወት አንዲት ተዋናይ የቀረበላትን ቴምር በመጀመሪያው ግብዣ አንሥታ ጎረሰች። "ቁረጡ!" ብለው ጮኹ። "የማን ልጅ ናት ይቺ? እናቷ አላሳደገቻትም? የእኛ ሰው እውነቱን የሚናገረው በሦስተኛው ነው፤ ካሜራዬም እስከ ሦስተኛው ይጠብቃል!" ልጅቷ ቴምሩ አፏ ውስጥ እንዳለ ነበር የሣቅነው። ካሜራዎ ይጠብቃል። እኔን ግን አንዴ ጠይቀው አለፉኝ።

እንዴት እንደምወድዎ ያውቃሉ። አራክ ከተማ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ የእርስዎን ፊልም ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በአባቴ ቀብር ላይ ያላለቀሰች ሴት እዚያ ጨለማ ውስጥ የሻሿን ጫፍ ነክሳ አነባች። መብራት ሲበራ "ይህን የሠራው ማነው?" አልኳት። "ሴት ናት" አለችኝ፣ ምስጢር እንደምትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የእኔ ነገር የለየለት ያን ቀን ነው።

ፊልሙን በቀረጽንበት የጽጌረዳ መንደር፣ ቃምሳር ላይም ከቀረጻ መልስ ጣሪያው ላይ ተቀምጠን ሕይወትዎን ያወጉኝ ነበር። ካሻን ውስጥ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆማ ታየች ተብሎ አባትዎ እንዴት እንደገረፉዎት። ባልዎ ፊልም ሲሠሩ የተዋናዮቹ ልብስና ፀጉር ከትናንቱ እንዳይለይ እየጠበቁ፣ ሙያውን በዓይንዎ እንዴት እንደሰረቁት። በኋላ የመጀመሪያ ፊልምዎን ራስዎ ሠርተው በባልዎ ስም እንደወጣ። "ሽልማቱን ሊቀበል ሲሄድ ኮቱን የተኮስኩለት እኔ ነኝ፤ ያኔ የዋጥኩት እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደም" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ መንግሥት የጣለብዎ የሥራ እገዳ፤ ሠርግ እየቀረጹ ልጆች ያሳደጉባቸው ዓመታት። እኔ እየሰማሁ ስበግን እርስዎ ይሥቁ ነበር። "አንቺን እንዲህ የሚያደርግሽ ሰው ይምጣና ዓይኑን ባላወጣው!" አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ጣሪያ ደረጃ ላይ ወደቁ። ዳሌዎ ተሰብሮ ወደ ቴህራን ሲወስዱዎ ቀረጻው ገና መጀመሩ ነበር። ጽጌረዳ ደግሞ የሰው አጥንት እስኪገጥም አይጠብቅም፤ አበባው ካለፈ ለከርሞ ነው። በመኪናው መስኮት እጄን ይዘው "ልጄ፣ ጨርሺው" አሉኝ።

ጨረስኩት። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ካሜራ ማኑ ኦስታድ ሲያቫሽ ማሳው ላይ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ካንቺ በዕድሜ የሚበልጥ ሌንስ አለኝ" አሉኝ።

"እንግዲያው ሌንሱን ያምጡትና ከእሱ ጋር ልነጋገር፤ እርስዎ እንደሆን አልሰማ ብለውኛል።"

አበባ ለቃሚዎቹ ሴቶች ከረጢታቸውን ጥለው ሣቁ። አንዷማ "እሰይ፣ አባባ ዛሬ ገጠማቸው!" ብላ እልል አለች። እሳቸውም ጢማቸውን እያሻሹ፣ "በይ እሺ፣ ኻኖም ዳይሬክተር፣ የት ላቁመው?" አሉ። አበባው እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ማሳ ላይ ስሜ ይህ ነበር።

ልጁ ከብዙ ዓመት እስር ተፈቶ እናቱን የሚያገኝበትን ትዕይንት ያስታውሳሉ። እናት ልጇን ማቀፍ አለባት፤ ተዋናዮቹ ግን ባዳ ናቸው፣ ወንድና ሴት ደግሞ ስክሪን ላይ አይነካኩም። ከሆስፒታል ደውለው፣ "ቁረጪው፤ ሳንሱሮቹ አያሳልፉልንም። ልጁ ደጁ ላይ እንደቆመ ይብቃ" አሉኝ። አንድ ቀን ይስጡኝ ብዬ ለመንኩዎ። እናትየዋ ከመዳቡ ጋን አዲስ የወጣ የጽጌረዳ ውሃ ቀድታ ልጇ በዘረጋው መዳፍ ላይ እንድታፈስስለት አደረግሁ። ታፈስሳለች። መዳፉ ሞልቶ መሬት ይፈስሳል፤ እሷ አታቆምም። ፊቱን ይታጠባል፣ እንደገና ይዘረጋል። ኦስታድ ሲያቫሽ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሡ ያለቅሱ ነበር። ደውዬ ስነግርዎ "ይህን እኔ አላስበውም ነበር" አሉኝ። እኔ ከዚያ ፊልም ያገኘሁት ሽልማት ያቺ ቃል ናት።

ፌስቲቫሉ ላይ ከኋላ፣ የኮት መስቀያው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ስሜ መጨረሻ ላይ፣ ከሹፌሮቹ ቀደም ብሎ፣ "ረዳት" ተብሎ አለፈ። ጋዜጠኛው ስለ ጽጌረዳው ውሃ ጠየቀዎት። ከዘራዎን ተደግፈው ተነሡና፣ "ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ ነው የታየኝ" አሉ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ።

ይኼም አልበቃ ብሎ ባለፈው ሳምንት አቃ ኬይቫን የኢስፋሃን ጣፋጭ በሳጥን ይዞ እናቴ ቤት መጣ። አዲሱን የፊልም ድርሰቴን አንብባችሁታል። "ኻኖም በጣም ወደውታል" አለኝ። "የቀረጻ ፈቃዱን በእሳቸው ስም እናወጣለን። ላንቺማ ማን ይሰጥሻል? ቤተሰብ አይደለን እንዴ? ስም ምን ያደርጋል!"

"ስም ምንም ካላደረገ የእርስዎን ከፊልሙ ይሰርዙና ቦታውን ባዶ እንተወው።"

"ኤዲያ! ምላስሽ እንደ ድርሰትሽ ረጅም ነው።"

"ድርሰቱን ግን ፈልገውታል።"

እናቴ ለራት እንዲቀመጥ በሩ ድረስ እየተከተለች ለመነችው፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ሲሄድ ሻሿን እያስተካከለች አጠገቤ ተቀመጠች። "ልጄ፣ አሮጊት ናት፤ ከዚህ በኋላ ስንት ፊልም ትሠራለች? ተይላት።"

"አንዱን ተውኩላት፣ እማዬ" አልኳት። ይህችኑ ተናግሬ ደከመኝ።

መህላቃ ኻኖም፣ አሁንም ደክሞኛል። ጠዋት ስነቃ ደክሞኝ ነው የምነቃው። አልከስስዎትም፤ ለጋዜጣም አልናገርም፤ በሠርግ ካሜራ ያሳለፏቸው ዓመታት ምን እንዳስራቡዎት አውቃለሁ። የተራበ ሰው የሰው ገበታ ሲያይ እጁ ይዘረጋል። እኔም ግን ርቦኛል።

ጣፋጩን ሳልከፍተው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ። ፈቃዱን በራሴ ስም አመለክታለሁ። ይከለክሉኝ ይሆናል። ከከለከሉኝ እንደ እርስዎ ሠርግ እየቀረጽኩ እቆይና እንደገና አመለክታለሁ።

ከእንግዲህ ግን በማንም ጥላ ሥር መቀመጥ አይበቃኝም። እኔ የሠራሁትን ሌላ ሰው "ታየኝ" ሲል ተነሥቼ አላጨበጭብም። "ቤተሰብ ነን" እየተባለ ስሜ እንዲወሰድ አልፈቅድም፤ የሚወስደው ከእናቴ ቀጥሎ የምወደው ሰው ቢሆን እንኳ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥያቄም አልጠብቅም። አንድ ቀን በራዱን እንደያዙ እንደገና ቢጠይቁኝ፣ በመጀመሪያው እመልስልዎታለሁ፦ አዎ፣ የእኔ ነው፤ ስሜን ይጻፉ።

የጽጌረዳውን ፊልም የሠራችው፣
ፓርቶ ታፍሬሺ