የጋሽ ኃይለመስቀል «ኃ»

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ሮቤ ዛሬም ብርዷን አላበረደችም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ዋልኩ። የሽማግሌዎችን የሕይወት ታሪክ በድምፅ የቀዳንባቸው ፋይሎች ስም ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ «ሀይለ»፣ ሌላው «ኃይለ»... ሲፈለግ አይገኝም። አለቃዬ ሚኪያስ፣ «ኃይል የሚጻፈው በብዙኃኑ ኃ ነው። አንድ በአንድ እያየሽ አርሚ» አለኝ። አንድ በአንድ? ሊኑክስ ፊት ተቀምጬ? በአንድ መስመር ትእዛዝ እጨርሰዋለሁ!

ረቡዕ፣ ጥር 14
ጨረስኩት። ኢንተር ስመታ ሁሉም ተስተካከሉ። ሚኪያስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ።

ሐሙስ፣ ጥር 15
ጉድ ፈላ። የገሰራውን የጋሽ ኃይለመስቀልን ድምፅ ስከፍት የሮቤው ባለጋሪ ያወራል! እሳቸውም ሀይለመስቀል ናቸው፣ ግን በሃሌታው «ሀ» ነው የሚጽፉት። የአባት ስም አላስገባንም፤ ሁለቱን የሚለያቸው ያቺ ፊደል ብቻ ነበረች። የባለጋሪውን ስም ሳርመው፣ ፋይሉ የገሰራውን ደምስሶ ቦታውን ያዘ። ኮምፒውተሩ አልጠየቀኝም። ትእዛዙ ላይ «ማይነስ ኤን» ብጨምር ኖሮ ያለውን አይነካም ነበር... መቅጃው ካርድም ብድሬ ከተማ ሄዶ ሌላ ተቀድቶበታል። ስማቸው ትክክል የነበረው ሰውዬ ጠፉ። አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 16
ለሚኪያስ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።
«ተበላሽቷል ብለሽ እለፊው። ማን ያዳምጠዋል?»
«ገሰራ ሄጄ እንደገና እቀዳለሁ።»
«መኪና የለም። ፈቃድም የለም።»
የለም ይበል! ነገ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜዬን ከማንም አላስፈቅድም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17
ሚኒባሱ ውስጥ የሰው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ገሰራ ገባሁ። ጋሽ ኃይለመስቀል ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።
«አካም ጅርታ ሐመልማል! ምን እግር ጣለሽ?»
ድምፅዎን አጠፋሁት አልኳቸው፣ ሳልሸፋፍን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።
«እሰይ! እንኳን ጠፋ!»
«እንዴት ጋሼ?»
«ያኔ ስትቀጂኝ ልጄ አጠገቤ ነበር። እናቱን በሽማግሌ አገባኋት ብዬ ዋሸሁ። የምን ሽማግሌ! አባቷ እምቢ ቢሉ እሷ ናት እጄን ይዛ የጠፋችው። እኔማ ስንቀጠቀጥ ነበር። ሴት ጠለፈችው እንዳልባል ዝም አልኩ። ከሞተች ወዲህ ግን ያንገበግበኛል። ድፍረቱ የእሷ ነበር... በይ መቅጃሽን ክፈቺው።»
ከፈትኩት።

ሰኞ፣ ጥር 19
ስሞቹን ሁሉ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንደሚጽፏቸው መለስኳቸው፣ የአባት ስምና አገር ጨምሬ። መጀመሪያ ቅጂ ላይ ሞከርኩ። ማይነስ ኤንም አለች።
«ባለጋሪው እንደገና በሃሌታው?» አለ ሚኪያስ።
«ስሙ የእሳቸው ነው።»
አዲሱን የገሰራ ድምፅ ትንሽ ሰማና ፊቱ ተለዋወጠ።
«ይሄ የጠለፋው ነገር ቤተሰብ ያስቀይማል። ቁረጪው።»
«አልቆርጥም።»
«ማን ፈቅዶልሽ?»
መጨረሻውን አወጣሁና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጋሽ ኃይለመስቀል ራሳቸው መለሱለት፦
«ልጄም ይስማ፣ አገርም ይስማ። ሸዋዓለም ናት የጠለፈችኝ!»