የአባትህ አዲስ ተማሪ

ለናፈቅኸኝ ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቅ አደረገህ? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ልብስ ስፌቱን ለጊዜው ትቼ ቤት እውላለሁ። አባትህም ብቻውን መውጣቱን ትቷል፤ የበሩን ቁልፍ እኔ ነኝ የምይዘው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማስተማር ናፍቆት ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ ያስተምረኛል። እንዳትስቅብኝ! ያኔ ልንጋባ ስንል ያስተማረኝን ነው የሚደግምልኝ።

ትናንት የስፌት ጠመኔዬን አንስቶ ቁም ሳጥኑ ላይ «አንብሬከብል» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ።

«‹አን› ከፊት ሲቀጠል አፍራሽ ነው፤ ‹ኤብል› ከኋላ ሲቀጠል መቻልን ያመጣል» አለኝ፣ ልክ እንደ ድሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ። የቃሉ ሥር ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። መሃሉን አየው፣ አየው።

«‹ብሬክ› መስበር ነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሲገጣጠም የማይሰበር ማለት ነው።»

ፊቱ በራ። «ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?»

«ባለቤቴ።»

«ጥሩ አስተማሪ ነው። ሰላም በይልኝ።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብዬ ሽንኩርት ልከትፍ ወጥ ቤት ገባሁ። የዘንድሮ ሽንኩርት ዓይን አያስገልጥም።

ስትደውል መጀመሪያ «እኔ ልጅህ ነኝ» በለው፤ መስመሩ ድምፅ ያዛባል። ፈቃድ ካገኘህም ክረምቱን አትጠብቅ፣ ቶሎ ብቅ በል። ለእኔ ብለህ አይደለም፣ እኔ ምንም አልሆንኩም።

ባለህበት ሰላም ሁንልኝ።

እናትህ