የተቀነጠሰው ፍጅል

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ወታደሩ ወንድሜ ከአሥመራ አንድ እፍኝ የፍጅል ዘር ልኮልኝ ነበር፤ ሌላ የለኝም። መጀመሪያ የዘራሁትን ውርጭ ፈጀብኝ። የተረፈችኝን ዘር ደግሜ ዘርቼ፣ ማታ ማታ ጭድ እያለበስኩ፣ ጠዋት ጠዋት እየገለጥኩ እንደ ሕፃን አሳደግኩት። ሥሩ ገና መቅላት ጀምሮ ነበር። ወንድሜ ለገና ፈቃድ ሲመጣ ከጓሮዬ ነቅዬ ላቀርብለት ነበር ሐሳቤ።

ዛሬ መምህራን በሙሉ ለስብሰባ ውጫሌ ወረድን። ስመለስ የፍጅሉ መደብ ላይ አንድ ቅጠል የለም።

የቤት አከራዬ እማማ ዘሃራ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። «ጎመንህ ለጋ ሆኖ አየሁትና፣ ጾም ላይ አይደለህ፣ በዘይት ሠራሁልህ። አብሽር፣ ጎመን ሲቀነጥሱት ነው የሚበዛ።»

ፍጅል ጎመን አይደለም! የሚበላው ሥሩ ነው! ቅጠሉ ከሄደ ሥሩ በምን ይወፍራል? ይህን ሁሉ በሆዴ ጮህኩት። በአፌ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እስላም ሆነው ለእኔ ጾም በተጨነቁ ሴትዮ ላይ በምን አፌ ልጩህ? አጠገባቸው ተቀምጬ ሙልጭ አድርጌ በላሁት። ደግሞ ይጣፍጣል፤ እሱም አናደደኝ።

እቤት ብውል ኖሮ አላስነካውም ነበር። ካድሬዎቹ ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ያደነቆሩን ስለ ምንድን ነው? ሁሉም ሰው በጓሮው አትክልት እንዲያለማ! ነገም ይቀጥላል። የቀረ፣ ልማት የሚጠላ አድኃሪ ነው ተብሏል።