ሁለተኛ ጆሮ ሲጠብቁ የኖሩት ተመራማሪ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው የቋንቋ ጥናት ተመራማሪ፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከሦስት እኅቶች በኋላ የመጡ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ያልታረመ ወረቀት ወደ ቤት ይዘው እየመጡ ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው ያደርጉ ነበር። «የለቀመው ዐይን የራሱን ስሕተት አያይም፤ ሌላ ዐይን ይምጣ» የሚለው የአባታቸው አነጋገር ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖረ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሃያ አራት ዓመታቸው በቋንቋ ጥናት ተቋም በረዳት ተመራማሪነት ተቀጠሩ፤ መስኮቱ ገጥሞ በማያውቀው በሦስተኛው ፎቅ ቢሮም ሠላሳ ሰባት ዓመት አገለገሉ። በኮሪደሩ ያገኙትን ሁሉ «አንድ ጥያቄ አለችኝ» እያሉ ስለሚያስቆሙ፣ ባልደረቦቻቸው «አንድ ጥያቄ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። የቸኮለ ሰው እርሳቸውን ሲያይ በኋላ ደረጃ ይወርድ ነበር። እርሳቸውም ይህን ያውቁ ስለነበር አንዳንድ ቀን በኋላው ደረጃ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። በቤተ መጻሕፍት ትሠራ ለነበረች ወጣት ረቂቅ ጽሑፍ ሰጥተው አስተያየት ለመኗት። «አምስት ገጽ ቢሰጠኝ ሰባት ገጽ ስሕተት መለስኩለት፤ በወሩ ላግባሽ አለኝ» ይላሉ ባለቤታቸው። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በአርባ አንድ ዓመታቸው የሕይወታቸውን ትልቁን ሥራ ጀመሩ። በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚነገርና ተናጋሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ቋንቋ ነበር፤ መዝገበ ቃላቱን ለማዘጋጀት ቆርጠው ተነሡ። ቃላቱን አንድ በአንድ ያስተማሯቸው ምንጣፍ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እያንዳንዱን ቃል በካርድ ላይ ይጽፉና ከግርጌው ሦስት ባዶ መስመር ይተዉ ነበር፤ መስመሮቹ የባልደረባ አስተያየት የሚሰፍርባቸው ናቸው። አንድ ሰው ብቻ የሰማው ቃል ግማሽ ቃል ነው፣ ሁለተኛ ጆሮ ሳይሰማው አይጸናም ብለው ያምኑ ነበርና ካርዶቹንና የድምፅ ቅጂውን በሳጥን እያሸጉ ለየባለሙያው ይልኩ ነበር። አሮጊቷ በዚህ ይቀየሟቸው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ከእኔ ከሰማህ በኋላ ደግሞ ማንን ልትጠይቅብኝ ነው? አላመንከኝም?» ሲሏቸው፣ «እማማ፣ እርስዎንማ አምናለሁ፤ የማላምነው የራሴን ጆሮ ነው» ብለው መለሱላቸው።

በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው የመጨረሻውን ሳጥን ላኩ። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ካርድ ነበር፤ የዘመድ መጠሪያዎች፣ የሕመም ስሞች፣ ሰው ሲሞት የሚባሉ ቃላት። ተቀባዩ በሌላ ከተማ የሚኖር፣ በዕውቀቱ እጅግ የሚያከብሩት ባልደረባ ነበር። ያልታረመ ነገር አይባዛም የሚል ጽኑ ደንብ ስለነበራቸው የካርዶቹን ግልባጭ አላስቀሩም። በዓመቱ የተቋሙ ምድር ቤት በጎርፍ ተሞላና እዚያ የነበሩት ዋናዎቹ የድምፅ ካሴቶች ሁሉ ተበላሹ። ያን ጊዜ ሳጥኑ ብቸኛው ማስረጃ ሆነ። «በዚህ ሳምንት እልካለሁ» የሚል አንድ ደብዳቤ ከባልደረባው መጣ። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር የለም።

በስድሳ ዓመታቸው አሮጊቷ አረፉ። ለቀብሩ ሲደርሱ የከተማውን ቋንቋ ብቻ የሚያውቁት የልጅ ልጆች ከበቧቸውና፣ «ጋሼ፣ በራሷ ቋንቋ መሰናበቻው እንዴት ነው? እርስዎ ይንገሩን» አሏቸው። ቃሉ ከሳጥኑ ውስጥ ነበር። የሚያስታውሱት መሰላቸው፤ ግን እርግጠኛ አልነበሩም፤ ያልጸና ቃል በአሮጊቷ አስከሬን ፊት ሊናገሩ አልደፈሩም። አፈሩ ያለ መሰናበቻው ተመለሰ። ወደ ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የተናገሩት «ተሳስቼም ቢሆን ማለት ነበረብኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

በስድሳ አንድ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ሳጥኑን ከላኩ ጀምሮ ለዚያ ባልደረባ በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ ዐሥራ ሦስት ደብዳቤ፣ አንዱም ቁጣ የለበትም። ባለቤታቸው «ስሙን ንገረኝና ሄጄ በሩን ላንኳኳ» ቢሏቸው፣ «እኔ የጠየቅሁት አስተያየት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መልሱ ሲዘገይ አፍሮ ይሆናል፤ ሲያፍር ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል» አሉ። ስሙንም ሆድ ይፍጀው ብለው ለማንም ሳይናገሩ አለፉ። መዝገበ ቃላቱ እስከ ዛሬ አልታተመም።

ያለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ በቆሽታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሟ ስትነግራቸው «አንድ ጥያቄ አለችኝ፤ ሌላ ባለሙያ አይቶታል?» አሉ። ሌላው ሐኪምም ያንኑ ተናገረ። «ሁለት ሰው ከተስማማበት ይጻፋ» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ በሽታቸው አልጠየቁም። የሚጠይቁት ፖስታ መምጣቱን ብቻ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የአንዲት ሴት ባል፣ የሁለት ሴት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

ከትራሳቸው ሥር አንዲት ካርድ ተገኘች። ከላይ በገዛ እጃቸው «ለባልደረባዬ፦ አስተያየቱ ይቅር፤ ካርዶቹን ብቻ» የሚል ተጽፎባታል። ከግርጌዋ ያሉት ሦስት መስመሮች ባዶ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓት ሳጥኑ በእጁ ያለ ሰው በመካከላችን ቆሞ እንደ ሆነ፣ ከቤታቸው ደጅ አስቀምጦ ይሂድ፤ ቤተሰቡ ማን እንዳመጣው አይጠይቅም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በትሕትና ሲጠይቁ የኖሩትን ሰው፣ ፈጣሪ ጠይቀው ከማያፍሩበት ቦታ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታትን ይስጥልን።