ትንሿ ደሴት አልገባም አለች

ማክሰኞ

ያለችኝን አንዲት መስመር ቆረጡብኝ። የታሪክ መምህራችን የካናዳ ቅኝ ግዛቶች ተደራድረው አንድ አገር የሆኑበትን በቴአትር እንድናሳይ አዘውን፣ እኔ ትንሿ ደሴት ነኝ። ሌሎቹ እሺ ሲሉ እኔ ብቻ፣ «ባቡር ካልዘረጋችሁልኝ አልገባም» እላለሁ። ዛሬ የቀበሌው ካድሬ ልምምዳችንን አየና በአብዮቱ መድረክ ላይ አልገባም የሚባል ነገር የለም አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ያኮረፈች ደሴት ምን አደረገችው?

ረቡዕ

መምህሩን ለመንኳቸው። «ተይ ልጄ፣ ዝም ብለሽ ውሉን ፈርሚ» አሉኝ መስኮት መስኮቱን እያዩ። ዝም ብዬ የምፈርም ከሆነማ ድርድር ለምን ይባላል?

አጎቴ ለአንድ የውሃ ቦይ ጠብ ሲሸመግሉ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ይውላሉ። ለአገር ምሥረታ ግን አሥር ደቂቃ በዛ።

ዓርብ

የመጨረሻ ልምምድ። የአጎቴን ካፖርት ለብሻለሁ፤ እኔ ስዞር እሱ ቆይቶ ይዞራል። ፈረምኩ። ካድሬው ጎበዝ አለኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተደረደሩ። ብዕሩን ሳነሣ እንባዬ መጣ፤ የምሬን ነው፣ በንዴት።

ግራዝማች ወልዴ (ማዕረጉ ተሽሯል፣ ከተማችን ቢቸና ግን አልሰማችም) ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቴአትር አይተው አያውቁም። «ቆዩ እስቲ። ይቺ ልጅ ከፍቷታል፣ ሳትጠየቅ ነው እንዴ የምታስፈርሟት? ንገሪን ልጄ፣ ምን አጎደሉብሽ?»

ሽማግሌ ጠይቆ ዝም አይባልም።

«ባቡር ነው፣ አባቴ። ካልዘረጉልኝ አልገባም።»

ትልቋን ግዛት የሚጫወተውን አስናቀን ወደ ፊት ጠሩት። ታናሽ እህትህን ባቡር ትነፍጋታለህ ወይ ብለው ወቀሱት። እዘረጋለሁ አለ። ዋስ ጥራ አሉት። ግራ ሲገባው መምህሩን ጠራ፤ መምህሩም መድረክ ላይ ወጥተው ለካናዳ ባቡር ዋስ ሆኑ። ያኔ ፈረምኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ካድሬው አላጨበጨበም። በር ላይ ለመምህሩ፣ «ሰኞ ጠዋት ቢሮ» አላቸው። እኔን ዞሮም አላየኝ።

እሑድ

መምህሩ ምን አጠፉ? ሽማግሌ ፊት ለዋስነት ቢጠሩ እምቢ ይበሉ? ሞጣ እናትሽ ጋ ሂጂ፣ ነገሩ እስኪበርድ ይላሉ አጎቴ። የሰውን ቦይ ሲዳኙ ደፋር ናቸው።

አልሄድም። ነገ ከመምህሩ ቀድሜ ቢሮው በር ላይ እቆምና ቃሉ የእኔ ነው፣ ማንም አላስተማረኝም እላለሁ። መምህሩን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አግኝቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። አርፈሽ ተቀመጪ አሉኝ፤ ጥቂት ሄደው ግን ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ መሰለኝ።