ባዶው ከረጢት

ሰኞ፣ ጁን 9

ካፊያው ሦስተኛ ቀኑ። ልብስ አይደርቅም። እርጥብ ዩኒፎርም ለብሼ ገባሁ...

ማይ ናምፑንጋ ሁለተኛውን የኩላሊት እጥበት ጨረሰች። ከሙላንጄ ሻይ ማሳ ከመጣች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ወባው ኩላሊቷን አቁሞታል፣ የምትተነፍሰውም በማሽን ነው። ልጇ ፋይነስ በአስታማሚዎች መጠለያ እያደረች፣ ጎህ ሲቀድ ገብታ ታጥባታለች፣ ቅባት ትቀባታለች። የሽንት ከረጢቱን ሳይቀር በቺቴንጄ ጨርቅ ሸፍናዋለች። "ለከረጢቱም ቀሚስ አለበስሽው?" አልኳት። አፏን ሸፍና ሳቀች።

ነገ ሦስተኛው እጥበት። ከዚያ ወረቀቱ...

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ወረቀቱን እፈራዋለሁ። ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ወረቀት ይፈራል?

ዕድሜ፣ የደም ግፊት፣ መተንፈሻ ማሽን፣ የሃያ አራት ሰዓት ሽንት... ለሁሉም ነጥብ አለው። ድምሩ ከሃያ ካለፈ፣ ታማሚው ቢታጠብም የመትረፍ ተስፋው የመነመነ ነው ማለት ነው። ያለን የእጥበት ማሽን አንድ ነው፤ ወደ ተረኛው ይሄዳል። ዶክተር ካሉዋ "ወረቀቱ አይፈርድም፣ ያማክራል እንጂ" ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን ከሃያ አልፎ ማሽኑ የቆየለት ሰው አላየሁም።

ባለፈው ወር የመምህር ምታምቦን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሽንት ዜሮ፣ ድምር ሃያ አንድ። ማሽኑ ተነሣ። በአራተኛው ቀን ሞቱ። ሚስታቸው እጄን ይዘው "ንጹሕ አድርጌ ነው የሸኘኋቸው፣ ሲስተር" ብለው አመሰገኑኝ። ያቺ ምስጋና እስካሁን ታስፈራኛለች። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቺቴንጄውን ገለጥ አደረግኩት። ከረጢቱ ባዶ። ዜሮ ጻፍኩ። ድምር ሃያ ሁለት።

ካሉዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ወሊድ ክፍል አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ በወለደች ማግስት ኩላሊቷ ቆሞ ማሽኑን እየጠበቀች ነው። ዓርብ ለማይ ቤተሰብ ይነገር አሉ። ማን ይንገር? እኔ። ሁሌም እኔ።

የበቆሎ ገንፎዬን፣ ንሲማውን፣ ሳልነካው መለስኩት። ፋይነስ ኮሪደር ላይ ይዛኝ፣ እናቴ ዛሬ ፊቷ ወዝ አላገኘም ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ውሸታም...

ሐሙስ፣ ጁን 12

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገ በየትኛው አፌ ነው የምነግራት?

ዓርብ፣ ጁን 13



ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ፋይነስ ቁጢጥ ብላ፣ ከረጢቱን ሳህን ውስጥ እያንቆረቆረች... ክው አልኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ላክሰን ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል።" ላክሰን ባሏ ነው። "አማች የአማቱን ሽንት ተንጠልጥሎ ይይ? እናቴ ብትነቃ ምን ትለኛለች?"

"ሁልጊዜ ትደፊዋለሽ?"

"ከመጣን ጀምሮ። መጀመሪያማ ጠብታ ነበር። ከእሑድ ወዲህ ነው የበዛው።"

ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። ሥራ ያቃለለችልኝ መስሏት። ሳህኑን ተቀብዬ ለካሁት፤ ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር። ስድስት መቶ! እኔ ዜሮ ጽፌ...

ካሉዋን በር ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው። "ከረጢቱን አትንኪ ያላት ሰው አለ?" አሉ። ማንም የለም። ማሽኑን አትንኩ እንላለን፣ ቱቦውን አትንኩ እንላለን። ከረጢቱን ማን አስቦት። እንደገና ሞላን፤ አሥራ ሰባት። ሽንት ካላት ማይ አንድ ቀን እየዘለለች ትታጠብ፣ በመሃሉ ቀን የወሊድ ክፍሏ ልጅ ትታጠብ አሉ።

ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ። ፋይነስ አይታኝ የእናቷን ሞት ልነግራት መስሏት ጮኸች። አቅፌያት "ደህና ናት፣ ደህና ናት" አልኳት።

ሐሙስ፣ ጁን 19

የማይ መተንፈሻ ቱቦ ወጣ። ድምፅዋ ሻካራ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው "ላክሰን አየኝ እንዴ?" ነው። ከረጢቱ ቀሚስ ለብሶ ነበር አልኳት። የወሊድ ክፍሏ ልጅም ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበች። መሣቅ ነበረብኝ... ለምን አልሣቅሁም?

ሰኞ፣ ጁን 23

አሁን ብዕር ከማንሣቴ በፊት አስታማሚውን እጠይቃለሁ። ለየአልጋው መለኪያ ጆግ ገዝተናል፤ የምትደፋ ትድፋ፣ ግን እዚያ ውስጥ።

ዛሬ የቆዩትን ወረቀቶች አወጣሁ። ሽንት ዜሮ የሚሉት አሥራ አራት ናቸው። ዘጠኙ የእኔ ጽሕፈት። ስንቱ እውነተኛ ዜሮ ነው? ስንቱ ጎህ ሲቀድ የተደፋ? የመምህር ምታምቦን ይዤ ቆየሁ። አልጋቸው ጎን ቺቴንጄ ነበር፣ ሰማያዊ፣ ዶሮ የታተመበት። "ንጹሕ አድርጌ ነው የሸኘኋቸው..." ለምን እንደምታስፈራሽ ገባሽ አሁን?

ከቀትር በኋላ ሚስታቸው የሞት ማስረጃ ሊወስዱ መጡ። ስኳር ድንች ይዘውልኝ። ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከረጢቱን ይደፉት ነበር? አንድ ቃል ነው፣ አዎ ወይም አይ። ግን አዎ ቢሉኝ... ያኔ ማሽኑ ለምን እንደተነሣ እሳቸውም ያውቃሉ።

አልጠየቅኳቸውም። ስኳር ድንቹን ተቀበልኩ፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።